ከ«የእግዜር እንግዳ» እስከ ኢንተርኔት፤ የመንገደኛ ማደሪያ በጋይንት መስመር

የመንገደኛ ማደሪያ ታሪክ ከመንገድ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ለዚህም የጋይንት ምድር ጥሩ አብነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ድንጋዩን እያስፈነቀሉና ገደሉን እያስደለደሉ ያለፉት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ትብብር የተሠራው የወልድያ-ወረታ ጎዳናም ከሞላ ጎደል ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ንፋስ መውጫን በአንድ ወገን ከወሎ፣ በሌላው ወገን ከጣና ዳር አገናኛት።

ከመኪናው ዘመን በፊት መንገደኛ የሚያድረው በሰው ቤት ነበር። ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ አባወራው ያስገባዋል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀውም እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ሆኖም ይህን ደግ ልማድ ብቻ እያነሡ ያለፈውን ዘመን ማወደስ ሚዛን መሳት ይሆናል፤ ምክንያቱም ከእግዜር እንግዳ ጎን የመንግሥት እንግዳ ነበር። መኳንንት፣ መልእክተኛ፣ አንዳንዴም የውጭ አገር ተጓዥ በንጉሥ ትእዛዝ ሲያልፍ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራውን፣ ጠላውንና ሙክቱን የሚያቀርበው ግን ገባሩ ነው። የመጀመሪያው እንግዳ ይለምናል፤ ሁለተኛው ያዛል። ገበሬው ለሁለቱም የከፈተው ያንኑ አንድ በር ነበር።

እንግዳን በገንዘብ ማስተናገድ ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቆሙ ጊዜ፣ ለቀረበ ምግብ ዋጋ መክፈል ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ስለ ሆነባቸው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በልተው በመክፈል አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። እንደ ንፋስ መውጫ ባሉ ከተሞች ግን የሚከፈልበት ማደሪያ የተስፋፋው ከመኪና ጋር ነው። መሽቶበት መንገድ የቀረው ተሳፋሪ ማደር ግዱ ሆነ፤ አልጋ ቤትና ቡና ቤትም በጎዳናው ግራና ቀኝ በቀሉ። ቋንቋችን ለዚህ «አልጋ መያዝ» የሚል አነጋገር አበጀ። እውነትም መያዝ ነበር! ከአውቶቡሱ ቀድሞ የወረደ ሮጦ ሻንጣውን አልጋው ላይ ያኖራል፤ የዘገየ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነጋል። ኋላ ስልክ ሲመጣ ሩጫው ቀነሰ እንጂ ነገሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ያዡና አስያዡ ቢያንስ ድምፅ ለድምፅ ይሰማሙ ነበር።

ይህን ያናጋው ኢንተርኔት ነው። በአገራችን አገልግሎቱ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የዓለምን አልጋ በስፋት የሚያሻሽጠው ቡኪንግ እ.ኤ.አ. በ1996 በሆላንድ፣ ኤርቢኤንቢም እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርተዋል። አሁን በፓሪስ የተቀመጠ ሰው የላሊበላን ወይም የጎንደርን አልጋ ከወራት በፊት ይይዛል። በሁለቱ መካከል የቆመው ሦስተኛ ወገን ከአልጋው ዋጋ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ቀድሞ እንግዳ ሲሰናበት ይመርቅ ነበር፤ ዛሬ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ የወረደበት ባለ ሆቴል ደግሞ ከዝርዝሩ ግርጌ ወርዶ ከዓይን ይሰወራል። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው አይደለም፤ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከጨጨሆ ማዶ፣ በዚያው ጎዳና ላይ፣ የመቄት ገበሬዎች አንድ መልስ ሰጥተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም አማካይነት፣ እንደ መቋት ማርያም ባሉ የገደል አፋፍ መንደሮች ጎጆዎች ተሠርተው፣ መንደርተኛው እንግዳ እየተቀበለ ገቢውን በጋራ ያስተዳድር ጀመር። እንግዳው ከባሕር ማዶ በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ ይጽፋል፤ ከአዲስ አበባ ለመንደሩ ይነገራል። በዚህ አሠራር ኢንተርኔቱ መልእክተኛ እንጂ ጌታ አልሆነም፤ ጎጆው የመንደሩ ነውና። እኔ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ይልቅ ይህን አብልጬ የማየው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መልእክተኛም መንገድ ይሻል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ከተማዋን አቆሰላት፤ የወልድያ-ወረታ ጎዳና ከመንገደኛ ይልቅ የጦር መተላለፊያ ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ፣ በአማራ ክልል ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው አካባቢ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት እንግዳውን ከስክሪን ላይ ሲጠብቅ የኖረ ባለ ሆቴል አልጋው እንደ ተነጠፈ፣ በሩም እንደ ተከፈተ፣ ማን ሊመጣ እንዳሰበ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።