ሥዕል የራሱ ሕግ አለው፦ ከገርዓልታ ዐለት እስከ አፍሪካ አዳራሽ

በመቀሌ ከተማ ዳርቻ፣ በኵሓ አቅራቢያ የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ የአሉላ አባ ነጋን ስም ይዟል። ከተምቤን ገበሬ ቤተሰብ ተወልደው በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ፣ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በዐድዋ የኢጣሊያን ወራሪ የተፋለሙት ራስ አሉላ የኖሩበት ዘመን ታሪክ በብራናና በወረቀት ብቻ አልተጻፈም፤ በቀለምም ተጽፏል። ከዚሁ ማረፊያ ወርዶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ደግሞ በውቅሮ በኩል አልፎ ወደ ሐውዜንና ወደ ገርዓልታ ይደርሳል፤ በዚያም ከዐለት በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የዐድዋን ሥዕሎች በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ ሥዕሎችን ያገኛል። እንግዲህ ሥዕልን ገና መመልከት ለሚጀምር ሰው የማረፊያው ስም አንድ ትምህርት፣ ከማረፊያው የሚነሣው መንገድ ሌላ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ጀማሪው ብዙውን ጊዜ በሌላ በር ይገባል። እጁ የሚገባው የመጀመሪያ መጽሐፍ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «ሞና ሊዛ»፣ የቫን ጎህን የሱፍ አበቦች፣ የፒካሶን «ጌርኒካ» ያሳየዋል፤ ከዚያም ኢምፕሬሽኒዝም፣ ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ኩቢዝም የሚሉ ስሞችን በቃሉ ይይዛል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሰው ልጅ ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነውና። ጉዳቱ የሚመጣው ጀማሪው ከዚያ የተማረውን ብቸኛ መለኪያ አድርጎ ወደ አገሩ ግድግዳ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ «ይህ ሠዓሊ ቅርብና ሩቅን አይለይም፤ ጥላ መጣል አያውቅም፤ ዓይንን ከመጠን በላይ ያገዝፋል» ይላል። የማያውቀውን ሕግ እንደ ሕግ አልባነት ይቆጥረዋል። ከዚህ ስሕተት የሚያወጣው፣ ማንኛውንም ሥዕል «ከተፈጥሮ ጋር ይመሳሰላልን?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ለራሱ ያወጣው ሕግ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ሥዕሎች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ናቸው። ከድሉ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሠለጠኑ ሠዓልያን ጦርነቱን በጨርቅ ላይ ደጋግመው ሣሉት። አቀማመጡ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ሠራዊት ግራና ቀኝ ተፋጠው ይቆማሉ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከነዘውዳቸው በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ከሁሉም በላይ በሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ይታያሉ። ጀማሪው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሰዎቹን ፊት ልብ ይበል። ኢትዮጵያውያኑ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ የጠላት ወታደሮች በጎናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ሁለቱንም ፊት በአንድ ጨርቅ ላይ የሣለው አንድ እጅ ነውና ይህ የዕውቀት ማነስ ሊሆን አይችልም። ጻድቁን በሙሉ ገጽ፣ ከሐዲውን በጎን የመሣል የቆየ ሥርዐት ነው፤ ሠዓሊው በዚህ ሥርዐት ፍርድ ይሰጣል፤ ወገን ማን፣ ጠላት ማን እንደሆነ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይናገራል። ንጉሡ ከወታደሩ ተልቀው የሚሣሉትም ለተመልካቹ ስለ ቀረቡ አይደለም፤ ሠዓሊው የሚለካው በመሬት ላይ ያለውን ርቀት ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ያለውን ክብደት ስለሆነ ነው።

ይህ ሕግ በዐድዋ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። ምንጩን የሚፈልግ ሰው ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ ገርዓልታ መውጣት ይኖርበታል። የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብሎ በቆመ ዐለት ከፍታ ላይ የተፈለፈለ ነው፤ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ በዐለቱ ላይ የእጅና የእግር መያዣ እየፈለገ ይወጣል፤ በመጨረሻም በገደል አፋፍ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። በውስጡ፣ በጉልላቶቹና በግድግዳው ላይ፣ በ15ኛው ምእት ዓመት እንደ ተሣሉ የሚገመቱ ሥዕሎች ደማቅ ቀለማቸውን እንደ ጠበቁ ይገኛሉ። ሐዋርያትና ቅዱሳን በጉልላቱ ዙሪያ ተደርድረው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ዓይኖቻቸው ትልልቅ፣ ብሌኖቻቸው ጥቁር ናቸው። ተመልካቹ ሥዕሉን ከማየቱ በፊት በሥዕሉ ይታያል።

በዚያው ምእት ዓመት በፍሎረንስ ብሩኔለስኪና ማዛቾ ቅርብና ሩቅን በመስመር ስሌት የሚለየውን የአሣሣል ዘዴ ያዳብሩ ነበር። ያ ዘዴ ተመልካቹን በአንድ ነጥብ ላይ ያቆመዋል፤ ዓለሙም ከአንድ ዓይን ተነሥቶ ይሣላል። የገርዓልታው ሠዓሊ ሲሥል በሐሳቡ የነበረው ተመልካች ግን ብቻውን የቆመ ሰው አልነበረም፤ በመቋሚያው ተደግፎ ሌሊቱን በማኅሌት የሚያነጋ፣ በጧፍ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚዞር ማኅበር ነበር። ለእንዲህ ያለ ተመልካች የሚስማማው ከየትም ቢታይ ፊቱን የማያዞር ሥዕል ነው። ሁለቱ ዘዴዎች የሁለት ዓይነት ኑሮ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ጉድለት አይደለም።

ገርዓልታ ብቻውን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ የሚገኙ 123 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። ለውጭው ሊቅ አዲስ የነበረው ይህ ዝርዝር ለአካባቢው ገበሬና ካህን አዲስ አልነበረም፤ ሲያስቀድስባቸው፣ ሲጠግናቸው፣ ሙታኑን ሲቀብርባቸው የኖረ ሕዝብ ነውና። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት ደግሞ በብራናቸው ላይ በተደረገው የራዲዮካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው በ4ኛውና በ7ኛው ምእት ዓመት መካከል የሚወድቅ መሆኑ ተረጋግጧል፤ በዚህም በዓለም ላይ ካሉት ጥንታውያን ባለ ሥዕል የወንጌል መጻሕፍት መካከል ተቆጥረዋል።

ይህ ጥበብ በሩን ዘግቶ የኖረ እንዳልሆነም ማወቅ ያሻል። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የማርያም ሥዕል ላይ ስሙን አኑሯል። ከእርሱ በኋላ ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን መርቆሬዎስ ተብሎ በኢትዮጵያ ለዐሥርተ ዓመታት ሣለ። ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የማርያም ሥዕል ግልባጭ አስገቡ፤ እነርሱ በ17ኛው ምእት ዓመት ሲባረሩ ሥዕሉ ቀረ። የቀረው ግን እንደ ገባ ሆኖ አይደለም፤ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው በግራና በቀኝ ቆሙለት። በመጀመሪያው የጎንደር ሥልት የልብሱ እጥፋት በተርታ መስመር፣ ቀለሙ ጥላ ሳይጣልበት ይታያል፤ በሁለተኛው የጎንደር ሥልት ፊት በጥላ ይሞላል፣ የልብሱ ጌጥ ይበዛል፣ ከበስተኋላ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እየተዋሐደ ይሄዳል። ጥላ መጣል ታወቀ፤ ሆኖም ጻድቁ ሁለት ዓይኑን፣ ከሐዲው አንድ ዓይኑን እንደ ያዘ ቀጠለ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት ኪሩቤልም እንደ ገርዓልታው ጉልላት ቅዱሳን ወደ ታች፣ ወደ ሕዝቡ ይመለከታሉ። ሥልቱ ተለወጠ፤ ሕጉ ጸና።

ወደ አውሮፓ መመለስ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ፒካሶ «የአቪኞን ሴቶች» የተባለውን ሥዕል ሲሠራ፣ በፓሪስ ያያቸው የአፍሪካ ጭምብሎች የአንዱን ነጥብ ዓይን እንዲያፈርስ ረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1937 የጀርመንና የኢጣሊያ ፋሽስት አውሮፕላኖች የጌርኒካን ከተማ ሲደበድቡም ሐዘኑን የገለጸው ጥልቀት በሌለው ሰፊ ሸራ ላይ፣ በጎን በተሣለ ፊት ላይ ሁለት ዓይን እያኖረ ነው። ይህ «አብዮት» ተብሎ ሲወደስ፣ የዐድዋው ሠዓሊ ነጻነት «አለማወቅ» የሚባልበት ምክንያት የለም። ዐድዋን በጨርቅ ላይ አንብቦ የመጣ ጀማሪ «ጌርኒካ» አያስደነግጠውም።

በአዲስ አበባ ዘመናዊው ትምህርት በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መልክ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ክርክር ከላይ የተነሣው ጥያቄ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ተምሮ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍኑ ባለቀለም መስታወቶች የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ሣለ፤ ብርሃኑ ከመስታወቱ በስተጀርባ መምጣቱ ብቻ ሥራውን ከቀለም ሥዕል ይለየዋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ ረቂቅ ሥዕሎቹ «ባዕድ ናቸው» የሚል ትችት ገጠማቸው። ሆኖም ነገርን እንደሚታይ ሳይሆን እንደ ትርጉሙ መሣል በገርዓልታ ባዕድ አልነበረም። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ያረፈው የዚህ ሠዓሊና ባለቅኔ ሥራዎች ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተከፈተው ሙዚየም ይታያሉ። እስክንድር ቦጎሲያንም በለንደንና በፓሪስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ሲያስተምር፣ የክታብ ብራናን ዓይኖችና ሐረጎች ወደ ዘመናዊ ሥዕል አስገብቷል።

በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ የመንገደኞች በረራ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ እንደገና ተጀመረ። በእነዚያ ዓመታት በትግራይ እጅግ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ ቅርስም ተጎድቷል፤ በነጋሽ የሚገኘው ጥንታዊው የአል ነጃሺ መስጊድ ከተጎዱት አንዱ ነው። ግድግዳ ሲፈርስ መልሶ መገንባት ይቻላል፤ ከግድግዳው ጋር የረገፈ ሥዕል ግን አይመለስም፤ ማንበቡን የሚያውቅ ትውልድ ከሌለም መርገፉ እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ የመምህሩና የባህል ሠራተኛው ተግባር የታዋቂ ሥዕሎችን ስም ከማስጠናት መጀመር የለበትም። ተማሪውን በአንድ ሥዕል ፊት ያቁመው፤ አራት ጥያቄዎችንም ይስጠው፦ ሙሉ ፊቱን ያገኘ ማን ነው? ከሁሉ የተለቀው ማን ነው፣ ስለምን? ብርሃኑ ከወዴት ይመጣል? ከሌላ አገር የመጣው የቱ ነው፣ ሠዓሊውስ ምን ጨመረበት? ለእነዚህ አራቱ መልስ ያገኘ ልጅ በገርዓልታ ጉልላት ሥርም ሆነ በአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ፊት፣ ባይተዋር ሆኖ አይቆምም።