ገባሩ ማን ነው?

«ሮቦት» የሚለው ቃል ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኛል። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔቱ የተጠቀመበት በወንድሙ በዮሴፍ ምክር ነበር። ምንጩ «ሮቦታ» ነው፤ ገባር ለጌታው የሚሠራው የግዴታ ሥራ፣ እንደ እኛው ሁዳድ። በተውኔቱ ገባሮቹ በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ።

በ2025 ቤጂንግ ውስጥ ሰው መሰል ሮቦቶች ከሰዎች ጎን፣ በተከለለ መስመር፣ 21 ኪሎ ሜትር ሮጡ፤ አሸናፊው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት። እኔን ያሳሰበኝ ግን እግራቸው ሳይሆን አእምሯቸው ነው። እጅግ የረቀቁት ቺፖች በአብዛኛው የሚመረቱት በታይዋን ነው። በ2022 አሜሪካ ለቻይና እንዳይሸጡ ገደብ ጣለች።

ቻፔክ ያሰበው የገባሩን አመፅ ነበር፤ እኔ የምፈራው የጌቶቹን ቁጥር ማነስ ነው። ቺፑን ያልያዘ ሕዝብ ነገ ለማን ይገብራል?