ሒሳብ ወደ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የደረሰበት መንገድ

ዓይነ ስውር ተማሪ ሥነ ጽሑፍ ይማር እንጂ ሒሳብ አይሆንለትም የሚለው አሳብ በብዙ አገር ሥር ሰዶ ኖሯል። መነሻው ቍጥር የሚታይ እንጂ የሚነገር ነገር አይደለም የሚል ግምት ይመስለናል። ታሪክ ግን ለዚህ ግምት አይመሰክርለትም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኒኮላስ ሳንደርሰን በ1682 በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ልጁ አስቀድሞ ላቲንና ግሪክ ተማረ። ከዚያም የኤውክሊድን፣ የአርኪሜዴስንና የዲዮፋንቶስን መጻሕፍት ሰው በግሪክ ቋንቋ ሲያነብለት እየሰማ ተረዳቸው። እንግዲህ ወደ ሒሳብ የገባው በሥነ ጽሑፍ በር ነው። በ1711 ቀድሞ ኒውተን ይዞት የነበረውን የካምብሪጅ የሒሳብ መምህርነት ወንበር ያዘ። ሆኖም ጆሮ ብቻ አልበቃውምና፣ በሰሌዳ ቀዳዳ ላይ ስፒል እየሰካ በጣቱ የሚያነበው የቍጥር ስልት ለራሱ አበጀ። የፈረንሳዩ ጸሐፊ ዲድሮ በ1749 ስለ ዓይነ ስውራን ባሳተመው ደብዳቤ ይህን ሰሌዳ ዘርዝሮ ገልጾታል።

ሳንደርሰን ያጠናው የዲዮፋንቶስ ዕድሜ ራሱ በጥንታዊው የግሪክ የግጥም መድበል ውስጥ እንቆቅልሽ ሆኖ ይገኛል። አሳቡን በራሳችን ቃል እንናገረው፤ ከዕድሜው ስድስተኛው እጅ በልጅነት አለፈ፤ ዐሥራ ሁለተኛው እጅ ጢም እስኪያወጣ፣ ሰባተኛው እጅ ደግሞ እስኪያገባ ሄደ። ካገባ በ5 ዓመት ልጅ ወለደ፤ ልጁ የአባቱን ዕድሜ እኩሌታ ኖሮ ሞተ፤ አባትዮውም ከ4 ዓመት በኋላ ተከተለው። ስንት ዓመት ኖረ?

የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል መምህር ይህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ ጥያቄውን በእኩል ይቀበሉታል። በአገራችንም የአብነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ ሲያጠና፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸውን የሚይዘው በጆሮው ነው። ነገር ግን አራቱን ክፍልፋዮች ደምሮ 25/28 ለማግኘት፣ የቀረው 3/28 ከ9 ዓመት ጋር እኩል መሆኑን አይቶ 84 ለመድረስ፣ ሥራውን ዘርግቶ የሚመለስበት ጽሕፈት ያስፈልጋል። ታሪኩ በሩን ይከፍታል፤ ያለ ጽሕፈት ግን ተማሪው እደጃፉ ላይ ይቀራል።

ይህን ጽሕፈት የኮርቻ ሠሪው ልጅ ሉዊ ብሬል በ1829 አሳተመው። በስድስት ነጥብ 63 ምልክት ይወጣል፤ ቍጥሮቹም የቍጥር ምልክት የቀደማቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደላት ናቸው። 84ን ለመጻፍ ይህ ይበቃል፤ ለአልጀብራ ግን አይበቃም። አሜሪካዊው ዓይነ ስውር አብርሃም ኔሜት (1918–2013) ሒሳብ አይሆንህም ተብሎ ሥነ ልቡና እንዲያጠና ተመከረ። በኋላ ግን ወደ ሒሳብ ተመልሶ፣ ቍጥሮቹን በነጥቦቹ የታችኛው ክፍል አውርዶ ከፊደል የለየበትን የምልክት ሥርዓት በ1952 አወጣ፤ በዲትሮይት ዩኒቨርሲቲም ሒሳብ አስተማረ።

ኔሜት ለሚያነቡለት ሰዎችም የአነጋገር ሥርዓት አበጀ፤ ክፍልፋይ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት በቃል እንዲነገር አደረገ። ለመምህር ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለናል። «ሦስት ሲደመር አምስት ሲካፈል ለሁለት» ብሎ የሚያነብ መምህር ከሁለት ተማሪዎች ሁለት መልስ ይቀበላል። አንዱ 4 ይላል፤ ሌላው አምስት ተኩል፤ ሁለቱም የሰሙትን በትክክል ሠርተዋል።