ማጋራት

«ፋይል ማጋራት» ሲባል የሚሰማ ሰው መዝገቡ ተገልብጦ ለእያንዳንዱ የታደለ ይመስለው ይሆናል፤ ሆኖም ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ለዩኒክስ ያበጀው ኤንኤፍኤስ የተሰኘው ሥርዓት የቃሉን ጠባይ አጥርቶ ያሳያል። መዝገቡ ከአንዱ ሰርቨር ሳይነቃነቅ፣ ባለቤቱ «ኤክስፖርትስ» በሚባለው ዝርዝር የፈቀደላቸው ኮምፒውተሮች የሩቁን ማኅደር ከራሳቸው ማውጫ ጋር አያይዘው እንደ ገዛ ገንዘባቸው ያነቡታል፤ ሥልጣን ከተሰጣቸውም ይጽፉበታል፤ አንዱ ያረመውንም ሌላው፣ ጥቂት ዘግይቶም ቢሆን፣ ከዚያው ያገኘዋል።

መቅዳት ግን ሌላ ነው። ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው መሬት የተመዘገበበት የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል፣ በኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በ6907 ቁጥር ተነሥቶ ምስሉ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሲነበብ፣ ያ ቅጂ እንጂ ማጋራት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በብራናው ኅዳግ የሚጻፍ ቃል ከፊልሙ አይደርስምና።

ለእንዲህ ያሉ ብራናዎች እኔ ቅጂን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በቀድሞው ኤንኤፍኤስ ልማድ ሰርቨሩ በተቋረጠ ጊዜ፣ መዝገቡን የጠየቀው ፕሮግራም ሁሉ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዲስኩ ከጠፋ ደግሞ የተጋሩት ሁሉ በአንድነት ያጡታል።