«የመጠበቂያ ምት»፦ ፕሮሰሰሩ ማህደረ ትውስታን ሲጠብቅ

ዌይት ስቴት የሚባለውን በአማርኛ «የመጠበቂያ ምት» እንበለው ባይ ነኝ። ምት ያልኩት የፕሮሰሰሩን የክሎክ ምት ነው። ፕሮሰሰሩ ትዕዛዝ ወይም ዳታ ከማህደረ ትውስታ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪደርሰው ሥራ ፈትቶ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ምት የመጠበቂያ ምት ነው።

«የጥበቃ ምት» አላልኩም፤ ጥበቃ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። በዚያ ላይ «የማህደረ ትውስታ ጥበቃ» ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ክልል እንዳይነካ መከልከል ማለት ነው። «የእረፍት ምት»ም አይሆንም። የሚጠብቅ ፕሮሰሰር ባትሪ እየበላ ነው የሚጠብቀው። ጋጋሪዋ ምጣዷን አሙቃ ሊጡ ከጎረቤት እስኪመጣላት ብትቀመጥ ማገዶው መንደዱን አይተውም፤ እሳቱን ብታበረታውም ሊጡ ቶሎ አይደርስላትም።

ብዙ ሰው የማይክሮኮንትሮለርን ፍጥነት የሚለካው በሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ኤስቲኤም32ኤፍ103ን እንይ። በውስጡ ያለው ፍላሽ እስከ 24 ሜጋኸርዝ ድረስ የመጠበቂያ ምት አያስፈልገውም፤ ከዚያ በላይ እስከ 48 አንድ፣ እስከ 72 ሁለት ያስፈልገዋል። በ24 ሜጋኸርዝ አንድ ምት 41.7 ናኖሰከንድ ነው። በ72 ሜጋኸርዝ ደግሞ አንዱ የንባብ ምትና ሁለቱ የመጠበቂያ ምቶች ሲደመሩ ያው 41.7 ናኖሰከንድ ይሆናሉ። ክሎኩ ሦስት እጥፍ ጨመረ፣ ፍላሹ ግን ያው ፍላሽ ነው። ቺፑ ትርፍ የሚያገኘው ፍላሹ በአንድ ንባብ 64 ቢት ስለሚሰጥና ቀጣዩ ትዕዛዝ ቀድሞ ስለሚመጣ ነው። ምቶቹን ሳያስተካክል ክሎኩን ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ያልተጻፈ ትዕዛዝ እያነበበ ሲሰናከል ያያል።

ማህደረ ትውስታው ከቺፑ ውጭ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በ4 ዶላር ለገበያ የቀረበውን ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚያንቀሳቅሰው አርፒ2040 በውስጡ ፍላሽ የለውም። ፕሮግራሙ ያለው አጠገቡ በተበየደ የ2 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ ነው፤ ዳታው የሚመላለሰውም በአራት መስመሮች ነው።

እስቲ እናስላው። ፕሮሰሰሩ በ125፣ የፍላሹ ክሎክ በግማሹ በ62.5 ሜጋኸርዝ ይሂድ። 24 ቢት የሆነው አድራሻ በአራት መስመር 6 ምት ይፈጃል። የአነባበብ ስልቱን ለሚነግሩት ቢቶች 2፣ ፍላሹ እስኪዘጋጅ 4፣ ለ32 ቢቱ ዳታ 8። ድምሩ 20 የፍላሽ ምት ወይም 320 ናኖሰከንድ ነው። በፕሮሰሰሩ አቆጣጠር 40 ምት መሆኑ ነው፤ ለአራት ባይት! ያው ንባብ ከውስጥ ራም ቢሆን፣ መንገዱ ነፃ እስከሆነ ድረስ፣ አንድም የመጠበቂያ ምት የለበትም።

ፒኮን ከዚህ የሚያድነው 16 ኪሎባይት ካሽ ነው፤ ከጋጋሪዋ ጎን እንደተቀመጠ አንድ ጆግ ሊጥ። አንዴ የተነበበ ትዕዛዝ እዚያ ይቆያል፣ ሲደገም ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልግም። የቺፑን አንድ እግር (ፒን) የሚያበራና የሚያጠፋ አጭር ዙር ጽፋችሁ በኦሲሎስኮፕ ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ዙር ተንቀርፍፎ የቀሩት ተስተካክለው ሲሄዱ ልታዩ ትችላላችሁ። ኮዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ትዕዛዙ የመጣበት ቦታ ነው። አማካይ ፍጥነቱ ደህና ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ የሚዘገይ ፕሮግራም ሰዓት ለሚቆጥር ሥራ፣ ለምሳሌ ለሞተር ቁጥጥር፣ አይታመንም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ስህተቱ በየቀኑ ስለማይታይ ሰው ሽቦውን ሲነካካ ይውላል።

መፍትሔው በእጃችን ነው። የአርፒ2040 ራም 264 ኪሎባይት ስለሆነ ፕሮግራሙ ትልቅ ከሆነ ሁሉንም አይችልም፤ ጊዜ የማይሰጡትን ጥቂት ፈንክሽኖች ግን ይችላል። የቺፑ የልማት ኪት አንድን ፈንክሽን በስሙ ለይቶ ራም ላይ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ፕሮግራማችሁ ሲዘገይባችሁ ክሎኩን ከማሳደጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፣ ለኩት፤ ከዚያ በኋላ ፈጣን ቺፕ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ወስኑ።