ከሮውተሩ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ

ብዙ የቤት ሮውተሮች ከጀርባቸው አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲሰካባት፣ ቤት ውስጥ ያለው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በዋይፋይ ፋይሉን እንዲያገኝ ታስባ የተሠራች ናት። የተሰካው ዲስክ ግን አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታወቅም። ገዢው የዲስኩን ማርክ ይረግማል። እኔ ግን ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የማገኘው በዘመን አለመገጣጠም ውስጥ ነው፤ ዲስኩ የዘንድሮ፣ የሮውተሩ ሶፍትዌር ደግሞ በተሠራበት ዓመት ላይ የቆመ።

ዩኤስቢ በ1996 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ሌሎችም የተስማሙበት ነገር ኪቦርድን፣ ማውስንና ፕሪንተርን በአንድ ዓይነት መሰኪያ ማገናኘት ነበር። ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ነበር። በ2000 ባለ 8 ሜጋባይት ፍላሽ ገበያ ላይ ዋለ፤ በዚያው ዓመት የመጣው ዩኤስቢ 2.0 ፍጥነቱን 480 አደረሰው። ዲስክን በዚህ ቀዳዳ ማሠራት አዋጪ የሆነው ያኔ ነው።

ከዚያ በ2004 ሊንክሲስ ኤንኤስኤልዩ2 የምትባል፣ ከሮውተር ጋር በኬብል የምትገናኝና የዩኤስቢ ዲስክ የሚሰካባት ትንሽ ሣጥን ሸጠ። ሚሞሪዋ 32 ሜጋባይት ነበር፤ ዲስኩንም የምታዘጋጀው በሊኑክስ ፎርማት ስለነበር፣ ነቅሎ ዊንዶውስ ላይ የሰካው ሰው ፋይሉን አያገኝም። ብዙም ሳይቆይ የሣጥኗ ሥራ ወደ ሮውተሩ ሆድ ገባ፤ አፕልም በ2007 በኤርፖርት ኤክስትሪም ላይ አመጣው።

ከፍጥነቱ ይበልጥ ሰውን የሚያስቸግረው ፎርማቱ ነው። የ1996ቱ ፋት32 ሮውተር ሁሉ ያውቀዋል ማለት ይቻላል፤ ግን 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። ማይክሮሶፍት በ2006 ኤክስፋትን ሲያወጣ ይህን ገደብ አነሳ፤ አሠራሩን ግን እስከ 2019 ድረስ በፈቃድና በክፍያ ያዘው። አብዛኛው ሮውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነውና፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ብዙው ሮውተር ኤክስፋትን ቢያየውም አያውቀውም። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ደግሞ ከሱቅ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ኤክስፋት ሆኖ ነው! መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ሌላም ጣጣ አለ፤ ፋት32ም ሆነ ኤክስፋት የጀመሩትን ጽሕፈት አስቀድመው ስለማይመዘግቡ፣ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ ማውጫው ሊበላሽ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስና የሊኑክሱ ኤክስት4 ይመዘግባሉ። ሮውተሩ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን የሚቀበል ከሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ኃይልም አለ። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ 3.0 ደግሞ 900 ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠፋው ዲስክ ብዙ ጊዜ የራበው ነው። ለፊልም ክምችት የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ይሻላል፤ ለጥቂት ሰነድ ፍላሽ ይበቃል።

አንዳንዴ ዲስኩም ሮውተሩም ደህና ሆነው ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ካመሰ በኋላ፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤስኤምቢ1 የተባለውን የቆየ የፋይል መጋሪያ ከአዲሱ ዊንዶውስ 10 አስወጣ። ከእሱ ሌላ የማያውቅ ሮውተር በአዲስ ኮምፒውተር አይታይም። ኤስኤምቢ1ን መልሶ መክፈት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የሮውተሩ ሶፍትዌር ማሻሻያ ካለው መጫን፣ ከሌለው ዲስኩን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ይሻላል።

ዩኤስቢ 3.0 ፈጣን ነው ብሎ መጓጓትም አያስፈልግም። ኢንቴል ራሱ በ2012 እንዳሳየው፣ ከዚህ መሰኪያ የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ጩኸት በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ዋይፋይ ይረብሻል። ዲስኩን ጥሩ ሽፋን ባለው አጭር ኬብል ከአንቴናው ማራቅ ይረዳል። ብዙ ሮውተሮች ቀዳዳውን ወደ 2.0 ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ለሚፈልግ ፊልም ያም ይተርፈዋል።