ፀረ ተህዋሲያን ሽፋን በጨርቅና በፕላስቲክ ላይ፦ ጥቅሙና ወሰኑ

አል ዋርቃ በዱባይ የሚገኝ፣ ቪላ ቤቶች የሚበዙበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር በቤት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው በፍራሽ፣ በመጋረጃ፣ በመክተፊያና በሌሎች የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ጽሑፍ ሊያጋጥመው ይችላል። ጽሑፉ አንዳንድ ጊዜ «ዕቃው ማጽዳት አያስፈልገውም» እንደ ማለት ይወሰዳል። ይህ ግንዛቤ ስሕተት ከመሆኑም በላይ የቤተሰብንም የሠራተኛንም ጤና ሊጎዳ ይችላል።

ፀረ ተህዋሲያን ሽፋን በዕቃ ላይ የሚያርፉ ባክቴሪያዎችንና ሻጋታን የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያግድ ንጥረ ነገር ነው። ለዚህ ከሚውሉት መካከል የብር ማዕድን፣ መዳብና ዚንክ ይገኙበታል። ከብር የሚለቀቁ አዮኖች የባክቴሪያውን የሕዋስ ሽፋንና ፕሮቲኖች ይጎዳሉ። በፕላስቲክ ዕቃ ንጥረ ነገሩ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሳለ ይቀላቀላል ወይም በላዩ ይቀባል፤ ጨርቅ ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ፣ ተጨምቆ በሙቀት ይደርቃል።

በማስታወቂያ የሚነገረው «99.9 በመቶ ይገድላል» የሚለው አኀዝ የሚገኘው ከቤተ ሙከራ ነው። ለፕላስቲክ የሚያገለግለው አይኤስኦ 22196 የተሰኘው ዓለም አቀፍ መለኪያ ባክቴሪያውን በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት ለ24 ሰዓታት በዕቃው ላይ አቆይቶ ውጤቱን ይመዝናል። የቤት ጠረጴዛ ግን ደረቅ ነው፤ በየደቂቃውም ይነካል። በተጨማሪም በባክቴሪያ ላይ የተደረገ ፍተሻ ስለ ቫይረስ አያረጋግጥም፤ ለቫይረስ ሌላ መለኪያ አለ።

ጊዜ ወሳኝ መሆኑን በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አሳይቷል። የኮቪድ-19 ቫይረስ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓታት ሲገኝ፣ በመዳብ ላይ ከ4 ሰዓታት በኋላ አልተገኘም። መዳብ የተሻለ ቢሆንም፣ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ዕቃውን የነካ እጅ ከአደጋ ነጻ አይደለም።

ሽፋኑ የሚሠራው ተህዋሲው ሲነካው ብቻ ነው። በመክተፊያ ላይ የደረቀ ስብ ወይም በፍራሽ ላይ የተከማቸ ላብና አቧራ በመካከላቸው ከገባ ኃይሉ ይደክማል። እጥበትም ያሳሳዋል፤ በ2008 የአሜሪካ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብር ያለባቸውን ካልሲዎች በውኃ ሲፈትሹ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ብራቸውን ከሞላ ጎደል አጥተዋል።

በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትሪክሎሳንና ሌሎች 18 ንጥረ ነገሮች በእጅና በገላ መታጠቢያ ሳሙና እንዳይገቡ ወስኗል። ምክንያቱም አምራቾች እነዚህ ሳሙናዎች ከተራ ሳሙናና ውኃ እንደሚበልጡ ማረጋገጥ አለመቻላቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 528/2012 ደግሞ በመለያው ላይ ፀረ ተህዋሲያን ነኝ የሚል ዕቃ የተጠቀመበትን ንጥረ ነገር በስም እንዲገልጽ ያስገድዳል። በዱባይ ማዘጋጃ ቤቱ «ሞንታጂ» በተባለ ሥርዓት የፍጆታ ምርቶችን ይመዘግባል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በገጠር የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የጭሱ ውሕዶች በዕቃው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጣብቀው የተህዋሲያንን ዕድገት ያዘገያሉ፤ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳሉ። ባለሙያዋ እናት ግን መጀመሪያ ዕቃውን ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያም ታጥናለች፤ በየጊዜውም ትደግመዋለች። ጭሱ እጥበቱን አይተካም።

የፋብሪካው ሽፋንም እንዲሁ ነው። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ወዲያው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያም ይድረቅ። የአልጋ ልብስ በመለያው ላይ በተጻፈው ሙቀት ይታጠብ፤ እርጥብ ሆኖ አይታጠፍ፤ በዱባይ እርጥበታማ ወራት ሻጋታ ቶሎ ይወጣልና። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ መተንፈሻን ይጎዳል። እጅም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠብ። ሽፋኑ ለዕቃው ተጨማሪ ጥበቃ ነው፤ ጽዳቱን የሚሠራው ግን አሁንም ሳሙናና ውኃ ነው።